ጸጉረ ልውጥና የእግዜር እንግዳ፦ መንደር የማያውቀውን ሰው በምን ይዳኘዋል?

የግዮን ነርስ (ጥያቄውን ያቀረበ)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

በጥቅምት ወር 2011 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም፣ በአዴት አካባቢ፣ ለጤና ምርምር ወደ ገጠር የወጡ ሁለት ባለሙያዎች «ልጆቻችንን ሊጎዱ መጥተዋል» የሚል ወሬ ባሰባሰበው ሕዝብ እጅ ሕይወታቸው አለፈ። እኔ የዚያው አገር ልጅ ነኝ፤ ሙያዬም ጤና ስለሆነ ሐዘኑ በሁለት በኩል ቤቴ ገብቷል። በጊዜው ብዙ ተባለ፤ ከተባለው ሁሉ ግን እኔን ሲያስጨንቀኝ የኖረውን ጥያቄ ያነሣ ሰው ስላላገኘሁ ዛሬ ራሴ ላነሣው ፈለግሁ።

ባደግሁበት ቤት መሸት ሲል ከአጥር ውጭ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ አባቴ የሰውየውን ስም ሳይጠይቅ በር ይከፍት ነበር። የእንግዳው እግር ይታጠባል፣ ራት ይቀርብለታል፣ መደቡ ይለቀቅለታል፤ ከወዴት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ የሚጠየቀው ከበላ በኋላ ነው። ይኸው አባቴ «ጸጉረ ልውጥ ሰው ወንዝ ዳር ታየ» ሲባል ዱላውን ይዞ ከሚወጡት የመጀመሪያው ነበር። በር የሚከፍተውም ዱላ የሚያነሣውም አንድ ሰው ነው፤ የመጣውም በሁለቱም ጊዜ የማይታወቅ መንገደኛ ነው። ልዩነቱ ምን ላይ እንደሆነ በልጅነቴ አልጠየቅሁም።

በኋላ ግን እኔው ራሴ ጸጉረ ልውጥ ሆኜ አየሁት። ከአዴቱ ሐዘን ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ለወባ ጥናት ከሰው ጣት የደም ናሙና ለመውሰድ አራት ሆነን ወደ አንድ ሩቅ ቀበሌ ወረድን። ልጆቹ ሲያዩን ሮጡ፤ ጥቂት ቆይቶ ወንዶቹ ከየማሳው ተጠራርተው ከበቡን። ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ አውጥቼ ዘረጋሁ፤ ዐይኑን የጣለበት ሰው የለም። አንዲት አሮጊት ከመካከል ወጥተው «የማን እንግዶች ናችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። በደነገጠ አፌ፣ ጠዋት በማለፊያችን ውኃ ያጠጡንን መሪጌታ ጠራሁ። ልጅ ተልኮ መሪጌታው እስኪመጡ ድረስ እዚያው ቆመን ቆየን፤ መጥተውም «የእኔ እንግዶች ናቸው» አሉ፤ ሰውም ምንም ሳይናገር ወደ ሥራው ተመለሰ። ደብዳቤው ያልፈታውን አንድ ቃል ፈታው።

መሪጌታው በዚያ ቀን ወደ ሌላ አገር ሄደው ቢሆን ኖሮስ? እዚህ የምጠይቃችሁ ይህንኑ ነው፤ በድሮው የአገር ሥርዓት ዘመድ የሌለውን ሰው የሚጠብቅ ነገር ነበረ ወይስ ሰው ይድን የነበረው ሁልጊዜም በአጋጣሚ ነው?


ነገረ ሕግ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ሰፊ ስለሆነ ከምታውቁት ነገር ልጀምር። ከብት ሲሰረቅ፣ ክምር ሲቃጠል ወይም ሰው ሞቶ ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር የሚጠራው ጉባኤ አውጫጭኝ ይባላል፤ በአንዳንድ አገር አፈርሳታ ይሉታል። የአካባቢው ወንድ ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስም ተሰብሳቢው አይበተንም። የታመኑ ሰዎች ተመርጠው ይምላሉ፤ ሰው ሁሉ ያየውንና የሰማውን ለእነርሱ በምሥጢር ይነግራል፤ የነገሩ ምንጭ ጠላት እንዳያፈራም «ወፍ ነገረችኝ» ይባላል። ወንጀለኛው ሳይገኝ ከቀረ የተሰበሰበው አገር አዋጥቶ የተበዳዩን ጥፋት ይከፍላል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ዛሬ «የደቦ ፍርድ» በምንለው ነገር ውስጥ የሌሉ ሦስት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም መሐላ፣ ጊዜና ዕዳ ናቸው። የሚናገረው ሰው ይምላል፤ ነገሩ ቀናት ስለሚወስድ ቁጣው ይበርዳል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጉባኤው ካልተሳካለት ራሱ ይከፍላል። ዛሬ በወሬ የተሰበሰበ ሕዝብ ግን አንዳች ዕዳ ሳይኖርበት ተሰብስቦ ዕዳ ሳይኖርበት ይበተናል። ስለዚህ «የደቦ ፍርድ» የሚለው ስያሜ ራሱ ያሳዝነኛል። ደቦ ባለቤት አለው፤ ጠላ የጠመቀው፣ ማሳው የታረሰለት፣ ነገ የጎረቤቱን ደቦ ሄዶ የሚመልስ ሰው አለ። ሰው የሚገድል ሕዝብ ባለቤት የለውም፤ በማግስቱም «ማን ጠራችሁ?» ቢባል መልስ የሚሰጥ አይገኝም።

ይህን ስል ያለፈውን ለማስዋብ አይደለም። አውጫጭኝ ዕዳውን በጉባኤው ላይ ማድረጉ ጠባቂም አጥፊም ነበር። ያን ያህል ሰው የእርሻ ጊዜው እየባከነ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ካሳው በራሱ ሊወድቅ ሲቃረብ፣ ለመጥራት የሚቀለው ስም የማን ይሆናል? ወንድምና አማች፣ የክርስትና አባትና የዕድር ጓደኛ ያለው ሰው ስም አይጠራም፤ ወይም ከተጠራ የሚከራከርለት ያገኛል። «ወፍ» ብድር የሚመልስ ዘመድ ባለው ሰው ላይ መናገር ትፈራለች፤ ዘመድ በሌለው ላይ ግን ምንም አያስፈራትም።

ሌባ ሻይ የሚባለው የሌባ መፈለጊያ ዘዴ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ራሱን ሳያውቅ በመንደሩ ይሄዳል፤ ሌባ ፈላጊውም በመቀነት ይዞት ይከተለዋል፤ ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። መንግሥት ይህን አሠራር በኋላ ከልክሎታል። ራሱን ያላወቀ ልጅ «ምን አይተህ ነው?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ተከሳሹ ሊመረምረው የማይችል ማስረጃ ደግሞ፣ በጸሎት ቢቀርብም በአዋጅ ቢቀርብም፣ ማስረጃ ሊባል አይገባም ብዬ አምናለሁ።


የወለቃ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምጽፈው ከእስራኤል ነው፤ የተወለድሁት ግን ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው በወለቃ፣ ከቤተ እስራኤል (ከኢትዮጵያ አይሁድ) ወገን ከሆነች ሸክላ ሠሪ እናት ነው።

«ነገረ ሕግ» ስለ ሌባ ሻይ የጻፉት የእኛን ቤት ታሪክ አስታወሰኝ። ሰው ሲታመም «ቡዳ በልቶታል» ይባልና ጭስ ይታጠናል፤ በሽተኛው በጭሱ መካከል እስኪለፈልፍ ይጠበቃል፤ ሲለፈልፍም የበላውን ሰው ስም ይጠራል። የተጠራው ሰው ምንም ሳያውቅ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ ተፈርዶበታል። እንግዲህ በወለቃ ዙሪያ የሚጠራው ስም የማን እንደነበረ ልነግራችሁ አያስፈልግም፤ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚባለው የእኛ ሰው ነበር። አያቴ ገበያ ወርዳ ጀበና ስትሸጥ ገዢዋ ልጇን በነጠላ ሸፍና ትደራደር እንደነበር እናቴ ትነግረኝ ነበር። ሸክላውን ይፈልጉታል፤ የሠራችውን ሴት ዐይን ይፈሩታል።

ጠያቂው ወንድማችን እንግዳን ከሩቅ የመጣ ሰው አድርገው ጽፈዋል። እኛ ከሩቅ አልመጣንም። የቤተ እስራኤል ሕዝብ በዚያ አገር ከማንም ያላነሰ ዘመን ኖሯል። ይጠሩበት የነበረው «ፈላሻ» የሚለው ስም ግን «ፈለሰ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ሲነገር የኖረው ታሪክ፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐጼ ይስሐቅ ጊዜ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይኖረው ተደረገ የሚል ነው። ርስት የሌለው ሰው የሰው መሬት ያርሳል ወይም በእጁ ሥራ ይኖራል፤ በእጁ ሥራ የሚኖረውን ደግሞ አገሬው ይንቀዋል፤ የናቀውንም ይፈራዋል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ለወላጆቼ መሬት ደረሳቸው፤ ስሙ ግን አብሮ አልተነሣም። ለእኔ ጸጉረ ልውጥነት የሚጀምረው ከርስት እጦት ነው፤ ጸጉራችን ከጎረቤታችን ጸጉር ተለይቶ አያውቅም።

እውነቱን ሙሉ ለማድረግ ያህል፣ እኛም አጥር ነበረን። ሽማግሌዎቻችን ከሌላው ሕዝብ ጋር ከተነካኩ ወንዝ ወርደው ሳይታጠቡ ቤት አይገቡም ነበር፤ ጎረቤቶቻችንም ለዚህ «አትንኩኝ» የሚል ስም ሰጥተውታል። በልጅነቴ ይህ ንጽሕና ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን፣ የሚፈራን ሰው ከመፍራት የተረፈ ሕዝብ እንደሌለ ይታየኛል።


የግዮን ነርስ

እህቴ፣ ስለ ርስት የጻፉት የእኔን ጥያቄ ከሥሩ ነቅንቆታል። «የእግዜር እንግዳ» ነገ የሚሄድ ሰው ነው፤ አድሮ የሚሄደውን ማክበር ቀላል ነው። አብሮ የሚኖረውንና መሬት የሌለውን ሰው ግን መንደሩ ወደ ቤት የሚያስገባበት ቃል አልነበረውም ማለት ነው። ይህን በአባቴ ደጃፍ ቆሜ ማየት አልቻልሁም ነበር። በእኛ ቀበሌም ቀጥቃጭ ነበረ፤ ማረሻችንን እርሱ ነው የሚሞርደው፤ አንድ ቀን እንኳ ራት ሲጋበዝ አላየሁም።


ከመንዝ

ስለ ዳኝነቱ አንድ ነገር ልጨምር። በጥንቱ ሥርዓት ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ከተጣሉ ከፊታቸው ያገኙትን መንገደኛ አቁመው «ዳኛ ሁነን» ይሉት ነበር። መንገደኛውም ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሁለቱን ያሟግታል፤ በዋስ ያገናኛል፤ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ወደ ላይኛው ዳኛ ይመራቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ደግሞ ለሁለቱም የማይዘመድ፣ ማለትም ጸጉረ ልውጡ ነበር። አያቴ እንዲህ ዓይነት ሙግት ሲነሣ ተሟጋቾቹ ነጠላቸውን ከነጠላ ቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ እንደነበር ይተርኩልን ነበር። «በሕግ አምላክ!» ያለ ሰው ደግሞ ሌባም ቢሆን ባለበት ይቆማል፣ የሚደበድበውም እጁን ይሰበስባል።

ስለዚህ የአገሬ ሰው የማያውቀውን ሰው ለዳኝነት አምኖት ያውቃል። ይህ ለምን ከሰው ዘንድ እንደጠፋ እጅግ አስባለሁ። በአዴትም ሆነ በሌላ ቦታ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል «በሕግ አምላክ» ብሎ የጮኸ ሰው ኖሮ እንደሆነ ብናውቅ እወድ ነበር። ካለም የሰማው የለም።


ከአዋሽ ወዲያ

ከአፋር አገር ነው የምጽፈው። የሐሳቤ መነሻ ወሬ ነው፤ የጻፋችሁት ሞት ሁሉ የተጀመረው በወሬ ነውና።

በእኛ ዘንድ ዳጉ የሚባል ሥርዓት አለ። ሁለት ሰዎች በበረሃ ሲገናኙ፣ ቢተዋወቁም ባይተዋወቁም፣ ተቀምጠው ወሬ ይለዋወጣሉ። ከየት ነው የመጣኸው? ውኃው የት ነው ያለው? ግጦሹ እንዴት ነው? ማን ታመመ? ማን ከማን ተጣላ? ተናጋሪው ያየውን ለይቶ «አይቻለሁ»፣ የሰማውን ደግሞ ከማን እንደሰማ ጠቅሶ «ሰምቻለሁ» ማለት አለበት፤ አድማጩም ሳይቸኩል ደጋግሞ ይጠይቀዋል። በዳጉ የዋሸ ሰው ዳግመኛ አይታመንም፤ በበረሃ ደግሞ ቃሉ የማይታመን ሰው መኖር ይከብደዋል፤ በተሳሳተ ወሬ መንጋው ወደ ደረቀ ኩሬ ሊነዳ ይችላልና።

በዚህ ሥርዓት የማይታወቀው ሰው ይፈለጋል፤ እኛ ያልደረስንበትን ቦታ ያየው እርሱ ነው። ተቀምጦ በተናገረ ጊዜም የማን ልጅ እንደሆነ፣ በማን መንደር እንዳደረ ሁሉ ይታወቃል፤ ማለትም ዳጉ ሲጠናቀቅ ሰውየው እንግዳ አይደለም። በመኪና መጥቶ በመኪና የሚመለስ ባለሙያ ግን ዳጉ አይቀመጥም። ሲያልፍ የሚያየው ሰው በልቡ «ይህ ሰው ምን ደብቆ ነው?» ይላል። በዚህ ሥፍራ የሚሞላው ወሬ ማንም ያላየው፣ ማንም ስሙን ያልጠራበት ወሬ ነው። እኛም ዘንድ ከጎረቤት ሕዝብ ጋር ደም ተቃብተናል፤ ዳጉ ያን አላስቀረም። ስለ ወሬ ግን ከዳጉ የሚማር ያገኛል እላለሁ።


ነገረ ሕግ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «የወለቃ ልጅ» የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ የራሴን ጽሑፍ እንዳርመውም አስገደደኝ። «ዘመድ የሌለው» ያልሁት የሰውን ብቸኝነት ብቻ ይመስል ነበር፤ ከዚያ በታች ያለው የመሬትና የሙያ ንቀት ግን ሥርዓቱ ራሱ ያመጣው ነው። ዐጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጀው ነበር፤ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሙያው የሚያዋርድ ሰው እንደሚቀጣ ተነገረ። አዋጁ የወጣው መንግሥት ሠራተኛ ስለፈለገ መሆኑ አይካድም፤ ቢሆንም ንጉሥ እስኪያውጅበት ድረስ ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር ያሳያል። ከዚያ በኋላ ስድቡ ከአደባባይ ወደ ጓዳ ገባ እንጂ አልጠፋም።

ስለ ዛሬው ሕግ የጠየቀ ባይኖርም ለነገሩ ያስፈልጋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ባለበት ጊዜ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት ሰጥቶታል፤ የቀረቡበትን ምስክሮች የመጠየቅም መብት አለው። የባህል ዳኝነትን በተመለከተ፣ አንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በግልና በቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መዳኘት እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ኦሮሚያ ክልል ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ የባህል ፍርድ ቤቶችን አቋቁሟል። በነፍስ ግድያ ጉዳይ መደበኛ ፍርድ ቤት ከፈረደ በኋላም ቢሆን የደም ሽማግሌ ካልገባ ነገሩ አያልቅም፤ የሟች ወንድም ደም ይመልሳል። ይህን የገጠር ዳኛ ሁሉ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ የማነሣው ሥጋት አለ። ለሽምግልና የሚቀመጡት ሁለት ወገኖች ሽማግሌ መላክ የሚችሉ ናቸው። ከሩቅ የመጣውና የተገደለው ሰው ወገን ማነው? ቤተሰቡ በሌላ ክፍለ አገር ነው፤ ደም ይመልሳል ተብሎ አይፈራም፤ ስለዚህ ዕርቅ የሚለምነው አይኖርም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው መደበኛው ፍርድ ቤት ብቻ ነው የሚቀረው፤ ፍርድ ቤቱም የሚመሰክርለት ሰው ከዚያው መንደር ማግኘት አለበት።


የኤክስቴንሽን ሠራተኛ

የዚህን ክር ጽሑፍ በሙሉ አንብቤዋለሁ፤ ለመጻፍ ግን ቆይቻለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር የታሰበው በየቀበሌው ሁለት ሴቶች እንዲመደቡ፣ እነርሱም ከዚያው አካባቢ እንዲመረጡ ነበር። የታሰበበት ምክንያት እናንተ የጻፋችሁት ነው። እኔ አንዲት እናት ቤት ስገባ «የማን እንግዳ ነሽ?» አልባልም፤ የማን ልጅ እንደሆንሁ ይታወቃል። ክትባት ስሰጥ የታመመ ልጅ ካለ መጥተው የሚጠይቁኝ እኔን ነው፤ የምሸሽበት ቦታ እንደሌለኝም ያውቃሉ። «ነገረ ሕግ» ዕዳ ያሉት ነገር በእኔ ላይ አለ።

ከዞንም ከሌላ ቦታም አጥኚ ሲመጣ በመጀመሪያ ወደ እኔ እንዲመጣ እለምናለሁ። አንዳንዱ ይመጣል፣ አንዳንዱ ሊቀ መንበሩን አግኝቶ ይበቃኛል ይላል። ሊቀ መንበሩ ግን ግብር እና የማዳበሪያ ዕዳ የሚጠይቅ ሰው ነው፤ የእርሱ እንግዳ መሆን ሁልጊዜ አይጠቅምም።


የወለቃ ልጅ

እህቴ፣ ሥራሽን አከብራለሁ፤ እናቴን ያዋለዱኝ የዚያው መንደር ሴቶች ናቸውና ትርጉሙን አውቃለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በቀበሌሽ ሸክላ የሚሠሩ ወይም ብረት የሚቀጠቅጡ ቤተሰቦች አሉ? ካሉ ወደ እነርሱ ቤትም ትገቢያለሽ?


የኤክስቴንሽን ሠራተኛ

አሉ፤ አምስት ቤት ናቸው፤ ከወንዙ ማዶ ነው የሚኖሩት። እውነቱን ልንገርዎት። ሥራ በጀመርሁ በመጀመሪያው ዓመት አልገባሁም። ወረቀቴ ላይ «ተጎብኝቷል» ብዬ ጽፌ በሩቅ አለፍሁ። የዚያው አገር ልጅ ስለሆንሁ የአገሩን ፍርሃትም አብሬ ነበር የያዝሁት።

በሁለተኛው ዓመት አንዲት ነፍሰ ጡር ከእነርሱ መካከል ምጥ ጸንቶባት ማንም ሳይሰማ ልትሞት ደረሰች፤ ባሏ ሌሊት መጥቶ በሬን መታ። ሄድሁ፤ ከዚያም በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ እርሷም ልጇም ተረፉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጠይቃት ስሄድ አማቷ ቡና አፈሉ። ስኒው በእጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ እርሳቸው አይተዋል፤ ምንም አላሉም። ሦስቱንም ስኒ ጠጣሁ። ቤቴ ስመለስ እናቴ ሰምታ ኖሮ ክታብ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ፤ አልፈልግም ብላት ለብዙ ቀን አኮረፈችኝ።

አሁን በየወሩ እሄዳለሁ። እስካሁን ከእኔ ጋር ወንዙን የተሻገረች የመንደሬ ሴት አንዲት ብቻ ናት።